ሳይታዩ ማገዝ፦ በሐይቅና በአምባሰል ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩ ሰዎችን ለሚያግዙ በጎ ፈቃደኞች የተዘጋጀ መመሪያ

ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የተሁለደሬ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከተሁለደሬ ቀጥሎ መቀመጫውን ውጫሌ ያደረገው የአምባሰል ወረዳ ይገኛል። በእነዚህ አጎራባች ወረዳዎች ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩ ሰዎችን ለማገዝ የተነሣ በጎ ፈቃደኛ ከሁሉ አስቀድሞ ሊገነዘበው የሚገባው፣ ሥራው በ1990ዎቹ ከነበረው እጅግ የተለየ መሆኑን ነው። በዚያ ዘመን መድኃኒቱ ጨርሶ የማይገኝ ወይም ገንዘብ ላለው ብቻ የሚደርስ በመሆኑ፣ የፀረ ኤድስ ክበባት በየትምህርት ቤቱ ድራማ ሲያሳዩና መፈክር የታተመበት ካናቴራ ለብሰው ሲሰለፉ፣ ጎረቤትና የዕድር ሰው ደግሞ አልጋ ላይ የዋሉትን ሲያጥብና ሲያጎርስ ቆይቷል፤ ያ አገልግሎት በጊዜው ተገቢና ክቡር ነበር። ዛሬ ግን መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድ ሰው የሚያርስ፣ የሚነግድና ልጅ ወልዶ የሚያሳድግ ጤነኛ ሰው በመሆኑ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሻው ጎረቤት የማይጠረጥረው ረዳት ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚመክረው አሠራር የታካሚው ማንነት እንዲሸሸግ፣ የሚገጥመው ችግር ግን በሚመለከታቸው ኃላፊዎች ፊት ገሃድ እንዲወጣ የሚያደርግ ነው።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት

ኤች አይ ቪ በኢትዮጵያ መኖሩ የታወቀው በ1976 ዓ.ም. ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የተመዘገቡት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ሰዎች ራሳቸው የመሠረቷቸው መቅድም ኢትዮጵያና ተስፋ ጎሕ ኢትዮጵያ የተባሉት ማኅበራት በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990 ዓ.ም. አካባቢ ብቅ ያሉ ሲሆን፣ ያለ ክፍያ የሚሰጠው ሕክምና በአገር ደረጃ የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ኢትዮጵያውያን 0.9 በመቶ ያህሉ ቫይረሱ እንዳለባቸው ያሳየ ሲሆን፣ ይኸው ቁጥር በከተማ 2.9፣ በገጠር ደግሞ 0.4 በመቶ ነበር። የሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት ለፈቃደኛው ትልቅ ትርጉም አለው፤ በአውራ ጎዳና ላይ በተመሠረተች ከተማ የሚኖር ታካሚ ብዙ ቢጤዎች ሲኖሩት፣ በአምባሰል ደጋ በአንድ ጎጥ የሚኖረው ግን በዙሪያው እርሱን የመሰለ ሌላ ሰው መኖሩን ሳያውቅ ዓመታት ሊያሳልፍ ይችላል፣ ብቸኝነቱም በዚያው መጠን ይከብዳል።

ኤ አር ቲ በመባል የሚታወቀው ፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና ቫይረሱን ከሰውነት ጨርሶ አያጠፋም፤ መራባቱን ግን ይገታል። አሁን ለአብዛኞቹ አዋቂዎች የሚሰጠው ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር የተባሉትን ሦስት መድኃኒቶች በአንድ ላይ የያዘ፣ በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ ክኒን ነው። ሕክምናው መሥራቱ የሚለካው ቫይራል ሎድ በሚባለው፣ ማለትም በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ የሚገኘውን የቫይረስ ቅጂ በሚቆጥረው ምርመራ ሲሆን፣ የዓለም የጤና ድርጅት ምርመራው መድኃኒት በተጀመረ በ6ኛውና በ12ኛው ወር፣ ከዚያም በየዓመቱ እንዲደረግ ይመክራል። ቁጥሩ ከ1000 በላይ ከሆነ ቫይረሱ አልተገታም ይባላል፤ በምርመራ የማይታይ እስከሚሆን ድረስ ከወረደ ግን ታካሚው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም። ይህ የመጨረሻው እውነት በአውሮፓ ቫይረሱ ያለበትና የሌለበት ጥንዶችን ለዓመታት በተከታተለው ፓርትነር በተባለው ጥናት የተረጋገጠ ሆኖ ሳለ፣ በየመንደሩ የሚታወቀው ግን ከሃያ ዓመት በፊት በፖስተር የተለጠፈው አስፈሪ ምስል መሆኑ ያሳዝናል። ፈቃደኛው ሌላ ምንም ባያስተምር ይህን አንድ ነገር አጥርቶ ቢያስረዳ ለትዳርና ለወላጅነት ተስፋ የቆረጡትን ብዙዎች ይጠቅማል። ጡት ማጥባትን በተመለከተ ግን አደጋው እጅግ ቢቀንስም ዜሮ ነው ስለማይባል፣ ሁለቱን ማምታታት አይገባም።

የመጀመሪያው እርምጃ፦ በጤና ተቋም በኩል መግባት

በጎ ፈቃደኛው ታካሚ ፍለጋ በየቤቱ አይዞርም። አስቀድሞ ወደ ወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም ወደ ሐይቅ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ወይም በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ የኤ አር ቲ ክፍል ኃላፊ ሄዶ፣ በሳምንት ምን ያህል ሰዓት መስጠት እንደሚችልና ምን ዓይነት ሥራ እንደሚያውቅ በግልጽ ያስረዳል። በእነዚህ ክፍሎች ኬዝ ማናጀርና አድኸረንስ ሰፖርተር የሚባሉ፣ ታካሚዎች መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ እንዲወስዱ የሚያግዙና ብዙዎቹ ራሳቸው ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ሠራተኞች ሲያገለግሉ ቆይተዋል። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ካገደ በኋላ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ በመደረጉ፣ ፈቃደኛው አንዳንድ ቦታ የሚገባው ባለሙያ በለቀቀው ወንበር ላይ ይሆናል። ይህ ሲሆን ጎደሎውን ለጊዜው መሸፈን ነውር ባይሆንም፣ የነጻ ጉልበት መገኘቱ ቋሚ ቅጥርን ለማስቀረት ሰበብ እንዳይሆን የሚሠራውን ሥራና የሚወስድበትን ሰዓት በጽሑፍ ቢያስመዘግብ ይበጃል።

ክፍሉ ከተቀበለው በኋላ ምስጢር ለመጠበቅ ቃል የሚገባበትን ሰነድ መፈረምና መሠረታዊ ሥልጠና መውሰድ ይኖርበታል። የታካሚዎችን ዝርዝር መጠየቅም ሆነ መዝገብ መግለጥ አይፈቀድለትም፤ ከታካሚ ጋር የሚገናኘው ባለሙያው አስቀድሞ ታካሚውን ጠይቆ ፈቃዱን ሲያገኝ ብቻ ነው። ፈቃደኛው ራሱ ከቫይረሱ ጋር የሚኖር ከሆነ ልምዱ ከማንኛውም ሥልጠና የሚበልጥ ቢሆንም፣ የራሱን ሁኔታ የመግለጥ ግዴታ የለበትም።

ሁለተኛው እርምጃ፦ ምስጢርን በዕለት ተዕለት አሠራር መጠበቅ

ሁሉም በሚተዋወቅባት ትንሽ ከተማ ምስጢር የሚወጣው በወሬ ብቻ ሳይሆን በልማድም ጭምር ነው። አንድ ሰው በኤ አር ቲ ክፍል ደጃፍ ዘወትር ቆሞ ከታየ፣ በመንገድ ላይ ሰላም የሚለው ሁሉ ታካሚ ተብሎ ይጠረጠራል። ስለዚህ ፈቃደኛው በጤና ተቋሙ ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ ክትትልን ወይም የእናቶችን አገልግሎት የመሰለ ሌላ ሥራም አብሮ ቢይዝ፣ ከታካሚ ጋር መታየቱ ትርጉም አይሰጠውም። በስልኩ ላይ የታካሚውን ቁጥር ከሕክምናው ጋር በማያያዝ ስም አይመዘግብም፤ በአጭር መልእክት መድኃኒት፣ ቀጠሮ ወይም ሆስፒታል የሚሉትን ቃላት አይጽፍም፣ ምክንያቱም በብዙ ቤት ስልክ የቤተሰብ ሁሉ ነውና። በገበያ ወይም በለቅሶ ቤት ሲገናኙ ታካሚው ቀድሞ ሰላም ካላለው አልፎት ይሄዳል፤ ቡና ላይ የአንድ ሰው ስም ተነሥቶ «እሱኮ መድኃኒት ይወስዳል ይባላል» ቢባል፣ ማስተባበልም ማረጋገጥም ምስጢር ማውጣት ስለሆነ ወሬውን ወደ ሌላ ጉዳይ ያሻግራል። ፎቶግራፍ በምንም ምክንያት አይነሣም፣ ለዓለም ኤድስ ቀን በዓልም ቢሆን።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። የሐይቅ ሰው ሆኖ መድኃኒቱን ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ሄዶ የሚወስድ፣ የደሴ ሰው ሆኖ ደግሞ ሐይቅ የሚመጣ ታካሚ ሲያጋጥም፣ የትራንስፖርት ወጪውን ያየ ቅን ረዳት «በቅርብህ እያለ ለምን ትንከራተታለህ?» ብሎ እንዲዛወር ሊገፋፋው ይችላል። ያ ርቀት ግን ታካሚው አውቆ የገዛው መሸሸጊያ ስለሆነ ሊከበርለት ይገባል።

ሦስተኛው እርምጃ፦ መሰናክሉን ከታካሚው አፍ መስማት

የመጀመሪያው ግንኙነት የሚደረገው ታካሚው በመረጠው ቦታ ነው፤ ቤቱ መሄድ የሚቻለውም እርሱ ከጋበዘ ብቻ ነው። ታላቅን ሰው «አንተ» ማለት በወሎ ባህል ደስ የማያሰኝ በመሆኑ በ«እርስዎ» ወይም እንደ ልማዱ በእትዬና በጋሼ፣ በሼህና በመሪጌታ እየጠሩ መነጋገር ይገባል። ፈቃደኛው «መድኃኒትዎን በትክክል ይወስዳሉ?» ብሎ ቢጠይቅ ሁልጊዜ «አዎ» የሚል መልስ ስለሚያገኝ፣ «ባለፈው ወር መዋጡ የከበደዎት ቀን የትኛው ነበር?» ቢል የተሻለ መልስ ያገኛል። የሚሰማው መልስ እንደ ሰው ኑሮ ይለያያል፤ አንዷ ክኒኑን ከባሏ ስለምትደብቅ፣ ሌላው በአጨዳ ወቅት ማሳ ላይ ስለሚያድር፣ ሌላው በጫት ምርቃና ሰዓቱን ስለሚረሳ፣ ሌላዋ ደግሞ የባጃጅና የሚኒባስ ሒሳብ ስላጣች ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ መፍትሔ ለየብቻ የሚታሰብ ቢሆንም፣ ብዙውን ጊዜ የሚረዳው ክኒኑን በየቀኑ ከማይቀር ሌላ ልማድ ጋር፣ ለምሳሌ ከሱብሒ ሶላት ወይም ከማለዳ ቡና ጋር ማያያዝ ነው።

የመንገድን ችግር ለማቃለል ጤና ሚኒስቴር ከ2010 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ያስፋፋው የስድስት ወር ቀጠሮ የሚባል አሠራር አለ፤ ሕክምናው የተሳካለትና ጤንነቱ የተረጋጋ ታካሚ የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ወስዶ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ይመላለሳል። ታካሚዎች በቡድን ሆነው በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም ከመካከላቸው በመረጡት ሰው በኩል መድኃኒታቸውን በየአካባቢያቸው የሚያገኙበት አደረጃጀትም አለ። ከአምባሰል ደጋ በእግር ወርዶ መኪና ለሚይዝ ሰው ይህን መብት ማወቅ ትልቅ እፎይታ ሲሆን፣ ፈቃደኛው ታካሚው ለዚህ ብቁ መሆኑን ባለሙያውን እንዲጠይቅ ያበረታታዋል።

ጾም፣ ጠበልና ስደት

ይህ ክፍል ከሌሎቹ የሚረዝመው በአካባቢው መድኃኒት የሚቋረጥባቸው ዋና ዋና አጋጣሚዎች እነዚህ በመሆናቸው ነው። በሙስሊሙ ዘንድ የረመዳን፣ በክርስቲያኑ ዘንድ የዐቢይና የፍልሰታ ጾም ሲገባ ብዙ ሰዎች መድኃኒቱን ሊያቆሙ ይፈተናሉ። በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰደው ክኒን ከምግብ ጋርም ሆነ ያለ ምግብ ሊዋጥ የሚችል በመሆኑ፣ የሚጾም ሙስሊም ሰዓቱን ወደ ማፍጠሪያ ወይም ወደ ሱሑር፣ የሚጾም ክርስቲያንም ጾሙን ከሚፈታበት ሰዓት ጋር ማስማማት ይችላል፤ የሰዓት ለውጡ ግን ጾሙ ከመግባቱ በፊት ከፋርማሲ ባለሙያው ጋር ተመክሮበት መደረግ አለበት። በተለይ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነውን ሪፋምፒሲን አብሮ የሚወስድ ሰው ዶሉቴግራቪርን በቀን ሁለት ጊዜ መውሰድ ስለሚኖርበት የእርሱ ጉዳይ ለብቻ ይታያል። የብረትና የካልሲየም እንክብሎች፣ የጨጓራ ማስታገሻዎችም የዶሉቴግራቪርን ኃይል ሊቀንሱ ስለሚችሉ ታካሚው የሚወስደውን ሁሉ፣ የባህል መድኃኒትንም ጨምሮ፣ ለባለሙያው እንዲናገር ይመከራል። ሕመምተኛ ከጾም ነጻ ስለመሆኑ ፈቃደኛው ራሱ ፈታዋ ወይም ቀኖና አይሰጥም፤ የታካሚውን ስም ሳይጠራ ከኢማሙ ወይም ከካህኑ ጠይቆ መልሱን ያደርሳል።

ጠበልም እንዲሁ በክርክር የሚፈታ ጉዳይ አይደለም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ ምእመናን ጠበሉን ከፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ጋር አብረው እንዲወስዱ ያስተማሩ ሲሆን፣ ይህን የአባትነት ቃል መጥቀስ ከሐኪም ማስረጃ ሁሉ በላይ ሊረዳ ይችላል። ወደ ጠበል ለሱባዔ የሚሄድ ሰው የሚቆይበትን ቀን የሚሸፍን፣ ሁለት ሳምንትም የሚተርፍ መድኃኒት መያዙን ማረጋገጥ ይበቃል።

ስደት ከሁለቱም የከበደ ነው። ከተሁለደሬና ከአምባሰል ብዙ ወጣቶች፣ በተለይም ሴቶች፣ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ሌሎች የባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ የሚሄዱ ሲሆን፣ እነዚህ አገሮች ለሥራ ቪዛ የኤች አይ ቪ ምርመራ ይጠይቃሉ። በዚህ ምክንያት አንዲት ወጣት ቫይረሱ እንዳለባት ለመጀመሪያ ጊዜ የምታውቀው «ሜዲካል ወደቀች» በተባለችበት ቀን ሊሆን ይችላል፤ ያን ዕለት የሚገጥማት የውጤቱ ድንጋጤ ብቻ ሳይሆን የደላላው ዕዳና የቤተሰቡ ተስፋ መቆረጥም ነው። ፈቃደኛው እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣለት ውጤቱ በጤና ተቋም በተደነገገው ተከታታይ ምርመራ ሳይረጋገጥ የመጨረሻ እንደማይሆን አስረድቶ፣ ከተረጋገጠም ሕክምና በዚያው ሰሞን ሊጀመር እንደሚችል ነግሮ፣ ወደ ክፍሉ ራሱ ያደርሳታል። በሕገ ወጥ መንገድ በአፋርና በጅቡቲ በኩል ሊሻገር የተነሣ ታካሚ ካጋጠመው ደግሞ መድኃኒቱ በመንገድ ሲያልቅ ምን እንደሚከተል አስረድቶ፣ እምቢ ካለም ሳይኮንነው የሕክምናውን ዓይነት የሚገልጽ የማዛወሪያ ወረቀት እንዲይዝ ያግዘዋል።

እናቶችና ሕፃናት

ነፍሰ ጡር ሴት መድኃኒቷን በአግባቡ ከወሰደችና የተወለደው ሕፃን የመከላከያ መድኃኒት ካገኘ፣ ቫይረሱ ወደ ልጁ የመተላለፉ ዕድል እጅግ አነስተኛ ይሆናል። ሕፃኑ በስድስተኛው ሳምንት ገደማ ከተረከዙ በሚወሰድ ደረቅ የደም ጠብታ ይመረመራል፤ ስድስት ወር እስኪሞላው የእናት ጡት ብቻ ይጠባል፤ የመጨረሻው ምርመራ በ18 ወሩ ወይም ጡት ከተወ በኋላ ይደረጋል። ፈቃደኛው ሊከታተለው የሚገባው በዋናነት የስድስተኛው ሳምንት ቀጠሮ ነው፤ አራስ ሴት ወደ እናቷ ቤት ሄዳ የምትታረስበት ልማድ ያንን ቀን በቀላሉ ያስረሳልና። ቫይረሱ ያለባቸው ሴቶች ለማኅፀን በር ካንሰር ይበልጥ የተጋለጡ ስለሆኑ፣ ከ25 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ ምርመራ እንዲያደርጉ ማሳሰብም ተገቢ ነው።

አራተኛው እርምጃ፦ ቅሬንና የጤና መድንን መጠቀም

በወሎ ቅሬ የሚባለው፣ በሌላው አካባቢ ዕድር ከሚባለው ጋር የሚመሳሰል የለቅሶና የመረዳጃ ማኅበር፣ በብዙ ቀበሌ ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን ያስተሳስራል። ፈቃደኛው በቅሬ ስብሰባ ላይ ስለ ቫይራል ሎድና ስለ ሕክምናው ውጤታማነት ለሁሉም አባል ማስተማር ይችላል፤ ነገር ግን «በመካከላችን ያሉትን እንርዳ» የሚል መዋጮ ማስጀመር የተረጂውን ስም ማስጠየቁ ስለማይቀር አይመከርም። ከዚያ ይልቅ የቅሬው ዳኛ ድኾች አባላትን ሁሉ በአንድነት በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን፣ መክፈል ለማይችሉት በተመደበው ድጎማ፣ እንዲያስመዘግብ ቢደረግ ታካሚው ሳይለይ ይጠቀማል። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቱ ነጻ ቢሆንም የሌሎች ሕመሞች ምርመራና ሕክምና የሚያስከፍል በመሆኑ ይህ መድን ትንሽ ነገር አይደለም። ከሥራ በቫይረሱ ምክንያት የተባረረ ወይም የተገለለ ሰው ሲያጋጥም ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በዚህ ምክንያት ሠራተኛን መለየት እንደሚከለክል አስረድቶ ወደ ነጻ የሕግ ድጋፍ ሰጪዎች ይመራዋል።

አምስተኛው እርምጃ፦ ችግሩን ገሃድ ማውጣት

የተሻለ ሕክምና የሚገኘው ታካሚው በጓዳ የሚያንሾካሹከውን ቅሬታ አንድ ሰው በጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጠው ነው። ማኅበረሰብ መር ክትትል የሚባለው አሠራር፣ ማለትም ተጠቃሚዎች ራሳቸው የአገልግሎቱን ጥራት መዝግበው ለኃላፊዎች የሚያቀርቡበት ዘዴ፣ ለዚህ ያገለግላል። ፈቃደኛው ስም በሌለበት ደብተር ላይ መድኃኒት ያልተገኘበትን ቀን፣ ከስድስት ወር ይልቅ የአንድ ወር የተሰጠበትን ምክንያት፣ የቫይራል ሎድ ናሙና ከተወሰደ በኋላ ውጤቱ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ፣ የካርድ ክፍል ሠራተኛ የታካሚን ስም ከነክፍሉ ጮኾ የጠራባቸውን አጋጣሚዎች ይመዘግባል። የአካባቢው ናሙናዎች በደሴ በሚገኘው የአማራ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ቅርንጫፍ ላቦራቶሪ ሲመረመሩ የቆዩ በመሆኑ፣ መዘግየቱ የተፈጠረው በናሙና ማጓጓዝ፣ በላቦራቶሪው ወይም ውጤቱ ከደረሰ በኋላ በክፍሉ ውስጥ መሆኑን ለይቶ ማወቅ አቤቱታውን ትክክለኛው ቦታ ያደርሰዋል። በተመሳሳይ የመድኃኒት እጥረት ሲከሰት ጉድለቱ ከኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት የደሴ ቅርንጫፍ ነው ወይስ ጤና ጣቢያው ጥያቄውን በወቅቱ ካለማቅረቡ የሚለው አስቀድሞ ይጣራል። አቤቱታው በመጀመሪያ ለክፍሉ ኃላፊ በቃል፣ ካልተስተካከለ ለተቋሙ ኃላፊ በጽሑፍ፣ ከዚያም ለወረዳና ለዞን ጤና መምሪያ ይቀርባል። ባለሙያን በስብሰባ ላይ ማሳፈር ታካሚውን ነገ ያስከፍለዋልና ቃሉ የለዘበ፣ ማስረጃው ግን የጠነከረ ይሁን።

መንገድ ሲዘጋ

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደቡብ ወሎ በተስፋፋበት ጊዜ የጤና ተቋማት ተዘርፈው፣ ነዋሪውም ተፈናቅሎ፣ የብዙ ታካሚዎች ሕክምና ተቋርጧል። ከዚያ ልምድ በመነሣት እያንዳንዱ ታካሚ ቢያንስ የአንድ ወር ትርፍ መድኃኒት ለብቻ እንዲያስቀምጥ፣ የሚወስደውንም መድኃኒት ስም በቃሉ እንዲያጠና ወይም ስሙ በሌለበት ትንሽ ወረቀት ጽፎ እንዲይዝ ይመከራል፤ የመድኃኒቱን ስም የሚያውቅ ሰው በተሰደደበት ቦታ በሚገኝ በማንኛውም የኤ አር ቲ ክፍል በቀላሉ ሊስተናገድ ይችላልና። መድኃኒት ሊያልቅ ሲል ክኒን ሰብሮ ግማሽ መውሰድ ወይም ቀን እየዘለሉ ማብቃቃት ቫይረሱ መድኃኒቱን እንዲላመድ በር ስለሚከፍት ጨርሶ አይፈቀድም። አቋርጦ የቆየ ሰው ተመልሶ ሲመጣ ወቀሳ እንዳይጠብቀው አስቀድሞ ከክፍሉ ሠራተኞች ጋር መነጋገር ያስፈልጋል፤ ብዙዎች ከሕመሙ ይልቅ «የት ከርመህ ነው?» የሚለውን ጥያቄ ፈርተው ይቀራሉ።

የፈቃደኛው ገደብና መሰናበቻ

በጎ ፈቃደኛው መድኃኒት አያዝም፣ መጠን አይለውጥም፣ ገንዘብ አያበድርም፣ ከታካሚም ስጦታ አይቀበልም። ታካሚው ለትዳር አጋሩ ሁኔታውን ይንገር አይንገር የሚወስነው እርሱ ሲሆን፣ የጥቃት ሥጋት ካለ ጉዳዩ ወደ ባለሙያው ይመራል። ፈቃደኛው ወደ ሌላ ቦታ የሚዛወር ወይም ሥራውን የሚተው ከሆነ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ለእያንዳንዱ ታካሚ ይናገራል፤ ተተኪ ቢገኝም ታካሚው ካልፈቀደ ስሙን አያስተላልፍም። በመጨረሻው ቀን ክፍሉ መታወቂያ ሰጥቶት ከሆነ ይመልሳል፣ ስም የሌለበትን የቅሬታ ደብተር ለተተኪው ያስረክባል፣ የታካሚዎቹን ስልክ ቁጥሮችም ከስልኩ ላይ ይሰርዛል።